ሻንሲ፦ በንድፉ ላይ የማይታየው የዑደቱ አካል

የአምፕሊፋየር ንድፍ ሲነበብ ሻንሲው የሚታወቀው በአንዲት ትንሽ ምልክት ነው፤ ከአንድ አግድም መስመር ሥር በተንጠለጠሉ ሦስት ሰያፍ ጭረቶች። ይህ ምልክት ያለባቸው ነጥቦች ሁሉ በንድፉ ዓይን አንድ ነጥብ ናቸው፤ በመካከላቸው ርቀትም፣ ሬዚስታንስም፣ ዝገትም የለም። ቃሉን የከተማችን ሰው ያውቀዋል። በመኪና ሊብሬ ላይ የሻንሲ ቁጥር ተጽፎ ያየ ሁሉ ሻንሲ ሌላው ዕቃ የሚታሰርበት አጽም መሆኑን ለመረዳት ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልገውም። የኤሌክትሪክ ምህንድስና የምናጠና ሰዎች ግን ከአጽምነት ያለፈ ሥራ እንዳለው ለመገንዘብ ረዘም ያለ ጊዜ ይወስድብናል።

ባለፉት አራት ዓመታት ገርጂ በሚገኘው መኖሪያዬ ሰባት የቫልቭ አምፕሊፋየሮችን ሠርቻለሁ። ሰባቱም የቆሙት ለሌላ አገልግሎት በተፈጠሩ ዕቃዎች ላይ ነው፤ በብስኩት ቆርቆሮ፣ በአሉሚኒየም ትሪ፣ በተቃጠለ ስታብላይዘር ቤት። ከዚህ ሥራ የቀሰምኩት ዋና ነገር ሻንሲው ሁለት ጉዳዮችን የሚወስን መሆኑ ነው። አንደኛው መሣሪያው ያጉረመርማል ወይስ ጸጥ ይላል የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው የነካውን ሰው ይገድላል ወይስ አይገድልም የሚለው ነው። ሁለቱም በንድፉ ላይ አይታዩም።

ቫልቭ ለምን ተመረጠ የሚል ጥያቄ ከባልደረቦቼ ዘንድ ሳይነሣ አይቀርም። በመለኪያ ከሄድን መልስ የለኝም። በጥቂት ብር የሚገዛ የተቀናጀ ቺፕ በኃይልም፣ በድምፅ መዛባት ማነስም፣ በኃይል ቁጠባም ከቫልቭ ይበልጣል። «ሞቅ ያለ ድምፅ» የሚባለውም በአብዛኛው የሁለተኛው ሃርሞኒክ መዛባት ነው፤ ሊለካ ይችላል፣ ምሥጢርም የለውም። የእኔ ምክንያት ሌላ ነው። ከቤተሰብ የወረስኳቸው ሸክላዎች አሉኝ፤ አምኃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የአምኃ ሬከርድስን ሥራ ከጀመረ በኋላ በነበሩት ጥቂት ዓመታት በከተማችን የተቀረጹ፣ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩ ትንንሽ ሸክላዎች ናቸው። በእጄ ያሉት ሁሉም ሞኖ ስለሆኑ ሁለትና ሦስት ዋት ይበቃቸዋል። ከዚህም በላይ በቫልቭ ዑደት ውስጥ እያንዳንዱ አካል በዓይን ይታያል፤ በካቻቢቴ ይፈታል፤ ጥፋቱን ከመግቢያው እስከ መውጫው በእጅ እየዳሰሱ መከተል ይቻላል። ቺፑ ሲበላሽ ግን ይጣላል እንጂ ምንም አያስተምርም።

ዕቃ ፍለጋው የሚጀምረው ከምሥራቁ ሠፈሮች ነው። በገርጂና በሲኤምሲ ውስጥ ለውስጥ መንገዶች ጠዋት ጠዋት የሚዞረው ቆራሌው፣ ስሙ ራሱ «ቆርቆሮ ያለው» ከሚለው ጥሪ አጥሮ የመጣ እንደሆነ ይነገራል፣ ከየቤቱ የሰበሰበው ብረታ ብረት ዞሮ ዞሮ መርካቶ ምን አለሽ ተራ ይደርሳል። ጎረቤት ሆኖ ቀድሞ የጠየቀው ሰው ግን በቅናሽ ያገኛል። የቦሌ ካፌዎችና ሱቆች የጣሪያ መብራታቸውን ከሃሎጅን ወደ ኤልኢዲ ሲቀይሩ ከኮርኒሱ የሚወርዱት ባለ 12 ቮልት የብረት ትራንስፎርመሮች ለእኔ የዚህ አካባቢ ትልቁ ሀብት ናቸው። ቫልቮቹ የሚገኙት ከአሮጌ ራዲዮግራሞችና ከጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥኖች ነው።

እዚህ ላይ ስለ ፊደል ማውሳት ይገባኛል፤ ሕይወት የሚያድን ዕውቀት ነውና። በአውሮፓ የቫልቭ ስያሜ የመጀመሪያው ፊደል የማሞቂያውን ክር ዓይነት ይናገራል። «ኢ» ከሆነ ክሩ 6.3 ቮልት ይፈልጋል። «ፒ» ከሆነ ክሮቹ ተቀጣጥለው 300 ሚሊአምፔር እንዲያልፍባቸው የተሠራ የቴሌቪዥን ቫልቭ ነው። «ዩ» ከሆነ ደግሞ በ100 ሚሊአምፔር የሚቀጣጠሉ ክሮች ናቸው። ኢሲኤል 82፣ ፒሲኤል 82 እና ዩሲኤል 82 በክራቸው ብቻ የሚለያዩ ሦስት ወንድማማቾች ናቸው፤ የመጀመሪያው 6.3፣ ሁለተኛው 16፣ ሦስተኛው 50 ቮልት ይወስዳል። የ«ዩ» ቤተሰብ የተፈጠረው ትራንስፎርመርን ለማስቀረት ስለሆነ፣ በእነዚህ ቫልቮች በተሠሩ ራዲዮዎች ውስጥ ሻንሲው ብዙውን ጊዜ ከግድግዳው ሶኬት ከአንዱ ሽቦ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው። የኛ ሁለት እግር ያለው ሶኬት መሰኪያ በሁለቱም አቅጣጫ ስለሚገባ፣ ሻንሲው ዛሬ በኒውትራል ላይ ከሆነ ነገ በፌዝ ላይ ሊሆን ይችላል። ፋብሪካው ሰውን የጠበቀው በእንጨቱ ሣጥን፣ በካርቶኑ ጀርባና በፕላስቲኩ ቁልፍ ብቻ ነበር።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ከሰሚት ኮንዶሚኒየም እንዲህ ያለ ራዲዮ ይዞልኝ መጣ። ቫልቮቹ ሲበሩ እንዲታዩ ሻንሲውን ከሣጥኑ አውጥቶ በመደርደሪያ ላይ ሊያቆመው፣ በስልኩም ሙዚቃ ሊያጫውትበት አስቧል። መገናኛ አካባቢ ለረጅም ዘመን ራዲዮ ሲጠግኑ ለኖሩ አንድ አዛውንት ደውዬ ነገሩን ገለጽኩላቸው።

«ልጄ፣ ፊደሉ ዩ ነው ኢ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ዩ ነው፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ከሣጥኑ እንዳይወጣ። ስልክም እንዳይነካው ንገረው።»

አዛውንቱ የኢንሱሌሽን ደረጃ ሠንጠረዥ አይጠቅሱም፤ የተናገሩት ግን ሠንጠረዡ የሚለውን ነው። ልጁ የፈለገው ውበት ነበር፤ የፈለገውም ነገር በእርግጥ ያምራል። አደጋው ያለው እዚያው ላይ ነው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ራቁቱን የቆመ የቫልቭ ሻንሲ እንደ ጌጥ እየታየ ስለሆነ፣ ከሣጥን የወጣ ሁሉ አንድ ይመስላል። ከትራንስፎርመር ጀርባ ያለው ሻንሲና ከሶኬቱ ጋር የተጋባው ሻንሲ በፎቶግራፍ አይለዩም።

ከዚህ የሚከተለው የመጀመሪያ ሕግ፣ ሁለት የተለያዩ ጥቅሎች ያሉት ትራንስፎርመር ሳይኖር በእጅ የሚነካ ሻንሲ አይሠራም የሚል ነው። በዚህ ረገድ ስታብላይዘር ያታልላል። በከተማችን ቮልቴጅ ስለሚዋዥቅ የሞተ ስታብላይዘር ያልተቀመጠበት ቤት ጥቂት ነው። ስንከፍተው ትልቅ፣ ክብ፣ የሚያምር ትራንስፎርመር እናገኛለን፤ ብዙ ጅራቶችም አሉት። ነገር ግን ይህ አውቶትራንስፎርመር ነው፤ ጥቅሉ አንድ ስለሆነ መግቢያውና መውጫው በመዳብ የተገናኙ ናቸው። ቮልቴጅ ይቀይራል እንጂ ሰውን ከመስመሩ አይለይም። ከስታብላይዘሩ የምወስደው ቤቱን ብቻ ነው።

ለመለያየት የምጠቀመው እነዚያን የሃሎጅን ትራንስፎርመሮች ጀርባ ለጀርባ በማገናኘት ነው። የመጀመሪያው 220 ቮልቱን ወደ 12 ያወርዳል፤ ሁለተኛው ተገልብጦ 12ቱን መልሶ ያወጣል። ሁለተኛው ለተገላቢጦሽ ሥራ ስላልተጠቀለለ ሙሉ 220 አይሰጥም፤ በኪሳራ ምክንያት ወደ 200 ይጠጋል። በዳዮድ ቀንቶ፣ በካፓሲተርና በሬዚስተር ሲለሰልስ ለኢሲኤል 82 የሚመች 220 ቮልት ገደማ ይቀራል። በመካከል ያለው 12 ቮልት ደግሞ የሁለት ኢሲኤል 82 ክሮችን በቅጥልጥል ያሞቃል፤ ሁለቱ አንድ ላይ 12.6 ስለሚፈልጉ ጉድለቱ ከአምስት በመቶ አይበልጥም። መጀመሪያ ላይ ያለው ትራንስፎርመር የክሩንም የከፍተኛውን ቮልቴጅም ጭነት ስለሚሸከም ከሁለተኛው ተለቅ ማለት አለበት።

ወደ ብረቱ ልመለስ። የብስኩት ቆርቆሮ ለጀማሪ የሚማርክ ሻንሲ ነው፤ በቀላሉ ይበሳል፣ ገጹ በቆርቆሮ የተለበጠ ስለሆነም የብየዳ ሊድ ይይዛል። ሆኖም ሁለት ጠባዮች አሉት። አንደኛ፣ ስስ በመሆኑ ከበሮ ነው፤ በጣት ሲመታ የሚሰጠውን ድምፅ በላዩ የቆመው ቫልቭ ሰምቶ ያጎላዋል፤ በቫልቩ ውስጥ ያለው ግሪድ በጣም ስስ ሽቦ ነውና ይርገበገባል። ሁለተኛ፣ ብረት በመሆኑ ከኃይል ትራንስፎርመሩ የሚያፈተልከውን መግነጢሳዊ መስክ ተቀብሎ በገጹ ሁሉ ይዞት ይሄዳል። የመውጫው ትራንስፎርመር በሌላው ጫፍ ቢሆንም ከዚህ መስክ አያመልጥም። የአሉሚኒየም ትሪ ይህ ሁለተኛው ችግር የለበትም፤ በአንጻሩ ሊድ አይይዝም፣ ሁለት ኪሎ ትራንስፎርመር ሲጫንበትም መሐሉ ይረግባል። ከሥሩ ሁለት የአንግል ብረቶች በማሰር ቀጥ አድርጌዋለሁ። ረከቦትም ተጠቁሞልኝ ነበር፤ ተገልብጦ ሲታይ እውነትም ሻንሲ ይመስላል። እንጨት ግን ምንም አይጋርድም።

ለቫልቩ መቀመጫ 22 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ክብ ቀዳዳ ያስፈልጋል። የብረት በርና መስኮት የሚሠሩ ወጣቶች ለቁልፍ ቤት የሚጠቀሙበት ክብ መብሻ ለዚህ ተስማሚ ነው፤ በሠፈራችንም ሞልተዋል። አዲሱን ትሪ ይዤ ስሄድ አንደኛው «ወንድሜ፣ ይህ እኮ ገና ምግብ ይቀርብበታል» ብሎ ሊያስተወኝ ሞከረ። ቀዳዳው ከመበሳቱ በፊት ግን የትራንስፎርመሮቹ አቀማመጥ መወሰን አለበት። ይህን የማደርገው በጆሮ ነው። የመውጫውን ትራንስፎርመር ሁለተኛ ጥቅል ከጆሮ ማዳመጫ ጋር አገናኝቼ፣ የኃይሉን ትራንስፎርመር ብቻውን አበራና የመጀመሪያውን በትሪው ላይ ቀስ እያልኩ አዞረዋለሁ። ጉርምርምታው በአንድ አቅጣጫ ላይ በግልጽ ይሰወራል፤ እዚያው ላይ በእርሳስ ምልክት አደርጋለሁ። ውድ መሣሪያ ያለው ቤተ ሙከራም ከዚህ የተሻለ ቦታ አይመርጥም ባይ ነኝ።

የመውጫው ትራንስፎርመር በገበያ የለም። ኢሲኤል 82 የሚፈልገው 5 ኪሎኦም ገደማ የሆነ ጭነት ሲሆን የእኛ ድምፅ ማጉያ 8 ኦም ነው፤ የጥቅሎቹ ምጣኔ የ625 ካሬ ሥር፣ ማለት 25 ለ 1 መሆን አለበት። በየአደባባዩ የምናያቸው የቀንድ ድምፅ ማጉያዎች በ100 ቮልት መስመር የሚሠሩ ከሆነ በውስጣቸው ትራንስፎርመር አለ፤ የመግቢያው ኢምፒዳንስም የ100 ካሬ ለዋቱ ሲካፈል የሚገኘው ነው። የ2 ዋት ጅራቱ 5,000 ኦም ይሆናል፤ ልክ የምንፈልገው! ችግሩ በእኛ ዑደት በጥቅሉ ውስጥ 40 ሚሊአምፔር ገደማ ቀጥተኛ ኮረንቲ ያለማቋረጥ ማለፉ ነው። ለ100 ቮልት መስመር የተሠራው ኮር ክፍተት የሌለው በመሆኑ በዚህ ኮረንቲ ይጠግባል፤ የክራሩ ወፍራም ድምፅ መጀመሪያ ይጠፋል። መፍትሔው የኮሩን ዝርግ ብረቶች ፈትቶ፣ «ኢ» ቅርጽ ያላቸውን ሁሉ በአንድ ወገን፣ ቀጥ ያሉትን በሌላው ደርድሮ፣ በመካከላቸው አንድ የቢሮ ወረቀት ማስገባት ነው። ባለ 80 ግራም ወረቀት ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ለዚህ ኃይል መነሻ የሚሆን ክፍተት ነው። ኮሩ ሰፊ እንዲሆን ባለ 10 ዋቱን ትራንስፎርመር መርጦ በ2 ዋቱ ጅራት መጠቀም ይሻላል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀረው ጉርምርምታ ከሻንሲው ራሱ የሚመነጨው ነው። እዚህ ላይ ጆሮ መለየት የሚገባው ሁለት ድምፆችን ነው። መስመራችን 50 ሄርትዝ ነው፤ በሙሉ ሞገድ ከተቃና በኋላ ግን የሚቀረው ሞገድ 100 ሄርትዝ ይሆናል። የሚሰማው 100 ከሆነ ጥፋቱ በማለስለሻው ካፓሲተር ወይም እርሱን በሚያገናኘው መንገድ ላይ ነው፤ 50 ከሆነ ከክሩ ሽቦ፣ ከመግነጢሳዊ መስክ ወይም ከመሬት ቀለበት ነው። የመጀመሪያው ካፓሲተር የሚሞላው በተከታታይ ሳይሆን በአጫጭር ምት ነው፤ የምቱ ጫፍ ግማሽ አምፔር ቢሆንና መንገዱ 0.1 ኦም ባለው የሻንሲ ብሎን ቢያልፍ 50 ሚሊቮልት ይፈጥራል። የመግቢያ ድምፃችን 200 ሚሊቮልት ከሆነ ሩቡን ያህል ጉርምርምታ አስገባን ማለት ነው። ስለዚህ ይህ ኮረንቲ በሻንሲው ብረት እንዳያልፍ በራሱ ሽቦ ይመለሳል፤ ሻንሲው ከዑደቱ ጋር የሚገናኘውም በመግቢያው አጠገብ በአንድ ቦታ ብቻ ነው።

ያ አንድ ቦታ በትሪ ላይ ብሎን እንጂ ብየዳ ሊሆን አይችልም። አሉሚኒየም በአየር ውስጥ ወዲያው የማያስተላልፍ ስስ ሽፋን ያበጃል፤ ክረምት ሲገባ እርጥበቱ ተጨምሮ በበጋ ጸጥ ያለው መሣሪያ በነሐሴ ማጉረምረም ይጀምራል። ገጹን ፍቆ፣ ጥርስ ባለው ዋሸር ነክሶ፣ በላዩ ጥቂት ግሪስ መቀባት ይህን ያስቀራል። የትሪው ሥር ክፍት ከሆነ ደግሞ ሌላ እንግዳ ይገባል፤ የሞባይል ስልክ ከመጥራቱ በፊት የሚሰማው መንተክተክ፣ የጂኤስኤም 217 ሄርትዝ። በፎቅ አናት ሁሉ አንቴና በቆመበት ቦሌ ሥሩን በሁለተኛ ትሪ መክደን ቅንጦት አይደለም።

በነገራችን ላይ፣ ለዚህ ፈተና የምጠቀምበት ቅጂ የአለሙ አጋ በገና ነው። የበገና ድምፅ በራሱ ይነዝራል፤ በአውታሩና በድልድዩ መካከል የሚገቡት የቆዳ እንዝራዎች ሆን ተብለው የሚፈጥሩት ንዝረት ነው። መጥፎ ሻንሲ ከዚህ ንዝረት ሥር ሊደበቅ ይችላል፤ የጊታር ቅጂ ያጋልጠው የነበረውን ጉርምርምታ በገናው ይሸፍነዋል። መደርደሩ ቆሞ አውታሩ ሲሞት የሚቀረው ድምፅ ግን የሻንሲው ነው። በዚያች ቅጽበት ነው ማዳመጥ ያለብን።

ከፍታችንም ከስሌት ውጭ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። የኢንሱሌሽን ርቀትን የሚደነግገው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ አይኢሲ 60664፣ በአየር ውስጥ ለሚተዉ ክፍተቶች ያወጣው ሠንጠረዥ እስከ 2,000 ሜትር ድረስ ነው የሚሠራው። ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ በማባዣ ይታረማል፤ በ3,000 ሜትር ማባዣው 1.14 ነው። በእኛ ከተማ ልዩነቱ ጥቂት በመቶ ነው፤ ነገር ግን ከባሕር ዳርቻ አገሮች የመጣ የሥራ መመሪያን እንዳለ መቅዳት ጥቂቷን በመቶ ከደኅንነት ወገን መቀነስ ነው። ማቀዝቀዣውም እንዲሁ። በተፈጥሮ የአየር ዝውውር የሚወሰደው ሙቀት በግምት ከአየሩ ጥግግት ካሬ ሥር ጋር ይሄዳል፤ አየራችን ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ ከአሥር በመቶ በላይ እናጣለን። የስታብላይዘር ቤት በዚህ በኩል ከትሪም ከቆርቆሮም ይበልጣል፤ ጎኑ ሁሉ የተሰነጠቀ፣ ከባድ፣ የመሬት ብሎን ከፋብሪካው ጀምሮ የተበየደበት ነው።

ያ ብሎን ግን ከሶኬቱ ጋር ካልተገናኘ ጌጥ ነው። በምሥራቁ ሠፈሮች በገባሁባቸው ቤቶች የመሬት ከንፈር ያለው ሶኬት ብዙ አይቻለሁ፤ ከጀርባው ሽቦ ያለው ሁሉም አይደለም። በመልቲሜትር ብቻ ማረጋገጥ አይበቃም፤ ያልታሰረ ሽቦም ከጎኑ ካለው ፌዝ በካፓሲታንስ ቮልቴጅ ስለሚቀበል መለኪያው ያለ ያስመስላል። በፌዝና በመሬት መካከል ትንሽ አምፖል በጥንቃቄ ሲታሰር ካልበራ መሬቱ የለም። የልዩነት መቁረጫ ባለበት ቤት ደግሞ አምፖሉ ሳይሆን መቁረጫው መልስ ይሰጣል፤ ይወርዳል። መሬት በሌለበት ቤት ጀርባ ለጀርባ የታሰሩት ትራንስፎርመሮችና የታሸገ የኃይል መግቢያ ብቸኛ መከላከያዎች ስለሚሆኑ፣ እንዲህ ላለው ቤት በብረት ሻንሲ የተሠራ መሣሪያ አልሰጥም።

የሰሚቱ ተማሪ ራዲዮውን ወደ ሣጥኑ መልሶ፣ ለራሱ በሁለት ኢሲኤል 82 ሌላ እየሠራ ነው። ሻንሲው ከመርካቶ የገዛው፣ ከአሮጌ አሉሚኒየም ቀልጦ የተቀዳ ድስት ነው፤ ግድግዳው ወፍራም በመሆኑ ብሎን ያለ ለውዝ በቀጥታ ይይዛል። የውስጡ ብረት አረፋ ያለው ሆኖ ከተገኘ ጥርሱ ይረግፋል። ቅዳሜ መብሻውን ይዘን እናየዋለን።